ቃሪያ የሸተተው ወይን

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ረቡዕ ቀን፣ ልጄ ለምሳ ስንግ ልትሠራ ቃሪያ ስትሰነጥቅ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር። የመጀመሪያውን በቢላዋ ስትከፍተው ያ ጥሬ፣ ቅጠል ቅጠል የሚል ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ሄጄ ሳሎን ተቀመጥኩ። ልጄ እጇን እየጠረገች ተከትላኝ መጣችና፣ «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ።

«ወይን ሸተተኝ» አልኳት።

ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። ሰው ሰባን ሲጠጋ ልጆቹ እንዲህ ነው የሚያዩት፤ ጃጀች ብለው በሆዳቸው ይይዙታል። እኔ ግን አልጃጀሁም። ብጃጅማ በወደድኩ፤ መርሳት የምፈልገው ነገር አለኝ።

ጅማ የገባሁት በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ከእርሻ ኮሌጅ እንደወጣሁ ነው። መሬት ለአራሹ ከታወጀ ጥቂት ዓመት አልፎታል። የተመደብኩበት እርሻ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከአንድ ባላባት የተወረሰ የቡና ቦታ ነበር። ቤት የተከራየሁት በቾ ቦሬ ከሚባለው ሰፈር ነው፤ አንዲት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ። ዝናብ ሲመታው የራሴን ድምፅ እንኳ አልሰማም። በጅማ ደግሞ ከመጋቢት ጀምሮ መዝነብ ነው ሥራው። ቦቲ ጫማዬ ውስጥ ጭቃ ያልገባበት ሳምንት አላስታውስም። ግን ወጣት ነኝ፣ ዲፕሎማ ይዣለሁ፣ ገበያው አቮካዶና ሙዝ በሽበሽ ነው፤ ደስተኛ ነበርኩ ብል አልዋሸሁም።

በሄድኩ በሁለተኛው ወር ነው የወይን ነገር የመጣው። ከበላይ ትእዛዝ ወረደ፤ አካባቢው ከቡና ሌላ ለወይን ጠጅ ፋብሪካ የሚሆን ወይን ያምርት ተባለ። ለምን ጅማ ላይ? ማንም አልጠየቀም። ያኔ የሚጠይቅ ሰው ራሱ ይጠየቅ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት የጭነት መኪና መጥቶ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ የወይን ቁራጭ አራገፈ፤ ማገዶ የመሰለ ደረቅ እንጨት። ኃላፊያችን ወደ እኔ እያመለከቱ፣ «ባለሙያዋ እሷ ናት» አሉ። ባለሙያዋ ስለ ወይን የምታውቀው ኮሌጅ ያነበበችውን አንድ ምዕራፍ ነበር፤ እሱንም ለፈተና።

እርሻውን በእውነት የሚያውቁት አባ ተማም ነበሩ። የሠራተኞቹ አለቃ ናቸው፤ ያኔ ስድሳ ይሆናቸዋል፤ በባላባቱ ጊዜም፣ ከባላባቱ በፊትም እዚያው ቡና ሲያሳድጉ ነው የኖሩት። ቀጭን ናቸው፣ ቆባቸው ከራሳቸው አይወልቅም፣ ሲናገሩ አማርኛውንና ኦሮምኛውን እያፈራረቁ ነው። እኔን «ኢንተላ ቲያ» ይሉኝ ነበር፤ ልጄ ማለታቸው ነው። አፍንጫቸው ጉድ ነው። ለቀማ ሲደርስ ቀይ የቡና ፍሬ በጣታቸው ይጨምቁና ያሸቱታል፤ ከዚያ፣ «ይኼ ከብርብራው ዛፍ ጥላ ሥር ነው፣ ይኼ ከላይ ከገላጣው ነው፣ ፀሐይ በልቶታል» ይላሉ። አንድ ቀን ልፈትናቸው ብዬ ከአምስት ቦታ ለቅሜ ደባልቄ አመጣሁላቸው። አምስቱንም ቦታ ቦታውን ነገሩኝ። ከዚያ ደግሞ፣ «አባት ይፈተናል እንዴ? እስቲ በይ፣ ከበቆሎው ቂጣ ብዪ» ብለው ምሳቸውን አካፈሉኝ፤ ቂጣና እርጎ። የዚያን እርጎ ጣዕም ሌላ ቦታ አላገኘሁትም።

ታዲያ ወይኑን የት እንትከለው ሲሉኝ፣ እኔ ነኝ ከጥላው ሥር ያልኩት። ይኼን ልብ በሉልኝ፤ እሳቸው አይደሉም። የቡና አገር የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። መልካም ነገር ሁሉ ከጥላ ሥር ነው፤ ቀስ ብሎ የበሰለ ነው የሚሸተው። እኔም ሁለት ወር ሙሉ ከአባ ተማም የሰማሁት ይህንኑ ስለሆነ ያነበብኩትን አንድ ምዕራፍ ረሳሁት። በትልልቆቹ ዛፎች መሃል መደዳውን አወጣን፣ የቡና ገለፈት ብስባሽ እስከ ጉልበት አለበስነው፣ በበጋ ውኃ አጠጣነው። እንደ ቡና አሳደግነው ማለት ነው።

እሱም አላሳፈረንም። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሽቦውን ሁሉ ሸፈነው፤ ቅጠሉ ሳህን ያህላል። ከከተማ የመጣ እንግዳ ሁሉ «ምን ያለ ልምላሜ ነው» እያለ ይሄዳል። ኃላፊያችን እንግዳ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚያሳዩት ወይኑን ሆነ። በሦስተኛው ዓመት አፈራ፤ ዘለላው ከባድ፣ ፍሬው ውኃ የሞላው። ቀመስኩ። ደግሜ ቀመስኩ። በጣቴ ጨምቄ ለአባ ተማም ሰጠኋቸው።

አሸተቱና አንገታቸውን ነቀነቁ። «ኢንተላ ቲያ፣ ይኼ ወይን አይደለም፣ ቃሪያ ነው» አሉኝ።

ሳቅኩ። ግን ልክ ናቸው። ቃሪያ ሲሰነጠቅ የሚመጣው ሽታ ነው፣ ቁርጥ እሱን። ጠጅ ቢሆን ማን ይጠጣዋል? ለሚቀጥለው ዓመት በየካቲቱ በዓል ሰሞን ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተው የጅማን ወይን ሊያዩ፣ ሊቀምሱም ቀጠሮ ተይዟል። ያን ዓመት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። ብስባሽ ጨመርን፤ ባሰበት። ውኃ ጨመርን፤ እሱም ባሰበት።

መልሱን ያገኘሁት በአዲስ አበባ መንገድ ባለችው ከተማ፣ አሰንዳቦ ላይ ነው። በታኅሣሥ፣ የወይናችን ቅጠል ላይ ለወጣው ነጭ ዱቄት መሳይ በሽታ የሚረጭ ድኝ ላመጣ አዲስ አበባ ሄጄ ስመለስ አውቶቡሱ ለምሳ ቆመ። እዚያ ሲደርሱ አየሩ ደረቅ ነው፣ መንገዱ አቧራ ነው፣ የጅማ እርጥበት ገና አልተጀመረም። ጥብስ አዝዤ እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ዞርኩ። የድንጋይ አጥር ላይ አንድ ያረጀ የወይን ሐረግ ተጋድሟል። ግንዱ ክንዴን ያህላል፤ ቅጠሉ ግን እዚህም እዚያም ነው፣ አቧራ ጠጥቷል። ከቅጠሉ ይልቅ ፍሬው ይታያል፤ ትንንሽ፣ ጥቁር፣ ፀሐይ ላይ የተሰጣ። አንዷን ቀጥፌ አፌ ውስጥ አደረግኩ። ጽጌረዳ ነው የሸተተኝ። ጽጌረዳና ማር። እዚያው ቆሜ ዘለላ ሙሉ በላሁ፤ ጥብሱ በረደ።

ባለ ምግብ ቤቷ ስትመጣ፣ «ማን ነው የሚንከባከበው?» አልኳት።

«ማን ይንከባከበዋል ብለሽ ነው» አለችኝ። «ጣሊያን የተከለው ነው ይላሉ። ውኃ የሚያጠጣው የለም። ቅጠሉን እነዚህ ርጉም ፍየሎች ይጨርሱታል። ልቆርጠው ነው እኔስ።»

ከአሰንዳቦ ጅማ እስክደርስ በመስኮቱ ወደ ውጭ አላየሁም። ፍየሎቹ የሚያውቁትን እኔ ዲፕሎማ ይዤ አላወቅኩም። ያንን የቃሪያ ሽታ ወይን ሁሉ በጨቅላነቱ ይዞት ይወለዳል፤ ከዓመታት በኋላ መጽሐፍ አግኝቼ አንብቤዋለሁ። ዘለላው ላይ ፀሐይ ሲያርፍ ሽታው እየከሰመ ይሄድና የአበባው፣ የማሩ ሽታ በቦታው ይመጣል። ጥላ ሥር ያለና የጠገበ ሐረግ ግን ኃይሉን ሁሉ ለቅጠል ይሰጣል፤ ፍሬው በቅጠል ተሸፋፍኖ ጥሬ እንደሸተተ ያረጃል። ቡናን ያሳመረው ጥላ ወይኑን ገደለው። ያኔ ይህን ሁሉ ባላውቅም ፍየሎቹንና አጥሩን አይቻለሁ፤ በቂ ነበር።

በማግስቱ ለአባ ተማም ነገርኳቸው። ከዳር ያሉትን፣ ከዓይን የራቁትን ሁለት መደዳ ብቻ እንሞክር፤ ከላይ ያሉትን ዛፎች ቅርንጫፍ እንመልምል፣ ዘለላው አጠገብ ያለውን ቅጠል እንሸምጥጥ፣ ውኃውን እናቋርጥ አልኳቸው። ደነገጡ። በእሳቸው ትምህርት ተክልን ማራቆት ነውር ነው።

«ማሊ? ምን? ቅጠሉን?» አሉኝ። ቆይተው ደግሞ፣ «ዛፉ የመንግሥት ነው። ወረቀት የለውም?»

ነበረው። የጥላ ዛፍ ለመንካት ባለሙያው ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ኃላፊው ማጽደቅ አለበት። ግን ኃላፊው ያንን ልምላሜ እንደ ልጃቸው ነው የሚወዱት፤ ብጠይቃቸው እንቢ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። መጀመሪያ ፍሬው ይጣፍጥ፣ ከዚያ አስቀምሳቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ። «ሰኞ እጽፈዋለሁ አባ ተማም፣ እርስዎ ይጀምሩ» አልኳቸው።

«አንቺ ካልሽ» አሉና መጥረቢያቸውን አነሡ።

ሰኞ አልጻፍኩም። የሚቀጥለውም ሰኞ አለፈ። ወሩ ሳይሞላ ግን ሁለቱ መደዳዎች ሌላ ሆኑ። ፍሬው አነሰ፣ ጠቆረ፣ ቆዳው ወፈር አለ። አንድ ቀን ከሰዓት አባ ተማም ጠሩኝ፤ አንዷን ፍሬ በሁለት ጣታቸው ይዘው ፀሐዩ ላይ ቆመዋል። ጨመቁልኝ። ሽታው ያ የአሰንዳቦው ነው። እንደ አሰንዳቦው ጠንካራ አይደለም፣ ግን እሱ ነው። አንድ ለእሳቸው፣ አንድ ለእኔ እያልን ዘለላውን ጨረስነው። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም፤ በሠርጌም ቀን ቢሆን።

«ሱብሃነላህ» አሉ እጃቸውን እያሸተቱ። «ይኼን እንግዲህ ጠጅ ልታደርጉት ነው። ያሳዝናል ወላሂ።»

እንግዶቹ ከቀጠሮው አሥር ቀን ቀድመው፣ ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ሦስት መኪና። ኃላፊያችን ከፊት እየመሩ ልምላሜውን እያሳዩ መጥተው፣ መጨረሻ ላይ ከሁለቱ መደዳዎች ደረሱ። ቅርንጫፉ መሬት ላይ ደርቋል፣ ሐረጉ ራቁቱን ነው። ፊታቸው ተለወጠ።

«ይህን ማን አደረገ?» አሉ።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አሉ አባ ተማም።

«ማን አዘዘህ?» አንተ አሏቸው፤ በልጃቸው ዕድሜ ያለ ሰው።

አባ ተማም ወደ እኔ አዩ። ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ ያንን አስተያየት። ክስ የለበትም። ጠዋት ሥራ ሲያስጀምሩ፣ ምን ልሥራ ለማለት የሚያዩኝ ዓይነት ነበር። ጠበቁኝ። እኔ እርሳሴን አየሁ። እርሳሴ ቢጫ ነበር፣ ጫፉን ነክሼዋለሁ። አፌን ልከፍት ነው፣ አሁን ልከፍት ነው እያልኩ ቆየሁ፣ አልከፈትኩም።

«ማንም አላዘዘኝም። ፀሐይ ይግባ ብዬ ነው» አሉ።

ኃላፊያችን «አሻጥር» የሚለውን ቃል ተናገሩ። ያ ቃል ከተነገረ በኋላ የሚመጣውን ሁሉም ያውቃል። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ወፍራም ሽማግሌ፣ ከራቁቱ መደዳ አንድ ፍሬ ቀጥፎ በላ። ቆም አለ። ሌላ ቀጠፈ። ሦስተኛ ቀጠፈ። ወደ እኔ አየና ፍሬውን ውጦ መነጽሩን ጠረገ። አባ ተማምን ከሦስተኛው መኪና ኋላ ጭነው ወሰዷቸው።

ቤት ስገባ አከራዬ እትዬ ወርቄ በር ላይ ጠበቁኝ፤ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። እትዬ ወርቄ ከዳውሮ የመጡ ጴንጤ ነበሩ፤ የጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ነው የሚጸልዩት። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ሄጄ እናገራለሁ አልኳቸው። «ልጄ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አሉኝ። «እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ይፈቷቸዋል። አንቺን ግን ወጣት ነሽ፣ የተማርሽ ነሽ፣ አይለቁሽም።» ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ፈርተውልኝ ነው። እኔም ያንን ነበር መስማት የፈለግኩት።

ሰኞ ኃላፊያችን ቢሮ ጠሩኝ። ባለሙያዋ እኔ ስለሆንኩ ስለ ጉዳቱ ሪፖርት እንድጽፍ ፈለጉ። ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረቡልኝ። «ያለ ባለሙያ ትእዛዝ የተፈጸመ» ብዬ ጻፍኩ። ፊደሌ ያምራል፤ ሁልጊዜም ያምር ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰኞ እጽፈዋለሁ ያልኩትን ወረቀት በመጨረሻ ሰኞ ጻፍኩት፣ ይኸው። በዚያው ሳምንት ሁለቱን መደዳዎች ከሥራቸው አስነቀሉ።

አባ ተማም ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀረው ተፈቱ። ሥራቸው ላይ አልመለሷቸውም። ሁለት ሳምንት ቆይቼ፣ ባዶ እጄን እንዳልሄድ ከቀረው ወይን አንድ ቅርጫት ቆረጥኩ። የቀረው የጥላው ነው፤ ቃሪያው። ሌላ ምን ነበረኝ። ቤታቸው ከአወቱ መንደራ ሰፈር ወዲያ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ባለቤታቸው አዴ ዘይነባ ሲያዩኝ እቅፍ አድርገው ሳሙኝ፣ ቂጣና ማር አቀረቡልኝ። አባ ተማም ደጅ ፀሐይ ላይ ቁርበት አንጥፈው ተቀምጠዋል። ከስተዋል፣ ያስላቸዋል። ሲናገሩ አፍንጫቸው የታፈነ ይመስላል፤ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ስለተኙ ነው አሉኝ አዴ ዘይነባ፤ ከወጡ ጀምሮ አልለቀቃቸውም።

«ከወይኑ አመጣሁልዎ» አልኳቸው።

አንዱን ፍሬ አነሡ። እንደ ድሮው በሁለት ጣታቸው ጨመቁት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ረጅም ጊዜ ያሸተቱ መሰለኝ። እኔ ከተቀመጥኩበት ሆኜ ያ ቃሪያ ይሸተኛል።

«አላልሽኝም ኢንተላ ቲያ?» አሉኝ ፈገግ ብለው። «ጽጌረዳ። ይኸው መጣ። አልሃምዱሊላህ፣ ድካማችን ከንቱ አልቀረም።»

አዴ ዘይነባ አንዷን አንሥተው ቀመሱ። ፊታቸው ትንሽ ተኮሳተረ። ባላቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ቅርጫቱን አንሥተው ወደ ውስጥ ገቡ።

እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ያ አምስት ቦታ የሚለይ አፍንጫ እስር ቤት ቀርቶ ነው፣ ወይስ ቃሪያውን አሽትተው ነው እኔን ላለማሳዘን የዋሹኝ? ሁለቱንም እያገላበጥኩ አርባ ዓመት አለፈኝ። አፍንጫቸው ጠፍቶ ከሆነ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አዝነውልኝ ከሆነ ደግሞ አውቀዋል ማለት ነው፤ ሁሉንም አውቀዋል፣ ይቅርም ብለውኛል፣ እኔ ግን አልጠየቅኳቸውም። ይቅርታ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ያልኩት ግን፣ «ሳሉ ጥሩ አይደለም፣ ዝንጅብል ያፍሉልዎ» ነው።

በዓመቱ አረፉ። እኔ ያኔ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሬ ነበር፤ ቀብራቸው ላይ አልደረስኩም። ወይኑም ቆይቶ ተነቀለ፣ በቦታው በቆሎ ተዘራበት ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ እርሻ አንድ ጠርሙስ ጠጅ አልወጣም።

በዚያ ረቡዕ ይህን ለልጄ ነገርኳት። ከሪፖርቱ በቀር ሁሉንም። ሪፖርቱን መናገር አቃተኝ። ስታለቅስ ቆይታ ስልኳን አወጣች፤ የዛሬ ልጆች መፈለግ ያውቁበታል፤ በሁለት ቀን ውስጥ የአባ ተማምን የመጨረሻ ልጅ ስልክ አገኘችልኝ። ጅማ ውስጥ ነች፣ በሕይወት አለች፣ አባቷን ለምን እንዳሰሩት እስከ ዛሬ የነገራት ሰው የለም አሉ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችልኝ።

«መቼ ትደውያለሽ?» አለችኝ።

«ሰኞ» አልኳት።

የዚያ ረቡዕ ስንግ ጣፋጭ ነበር፤ ሁለት በላሁ። ከዚያ ወዲህ ሦስተኛው ሰኞ ዛሬ ነው። ወረቀቱ እዚያው አለ። እየመሸ ነው።